ከቀብድ በፊት ስለሚደረግ የቤት ምርመራ

በጎጃም በረንዳና በአካባቢው ባሉት የእህል መደብሮች ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ብቻ ዐይቶ ዋጋ አይቈርጥም። ከመካከሉና ከሥሩ ያስወጣል፤ በመዳፉ ዘርግቶ እፍ ይለዋል፤ አፈርና ገለባ እንዳለበት፣ እርጥበት እንደ ነካው ይመረምራል፤ ከዚያም ሚዛኑ ፊት ቆሞ ያስመዝናል። ቡና ላኪውም እንደዚሁ ናሙናው ተቈልቶ ሳይቀመስ ደረጃውን አይቀበልም። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ቡናን በደረጃ ከፍሎ የሚያሻሽጠው በናሙናና በቅምሻ ነው። አስመጪው ደግሞ ዕቃው ወደ መርከብ ከመግባቱ በፊት በመርማሪ ድርጅት ታይቶ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥበት ማድረግን ጠንቅቆ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የለመደ ነጋዴ ለቤተሰቡ የመጀመሪያውን አፓርታማ ሊገዛ ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው የጆንያውን አፍ ብቻ ነው። ደላላው በሩን ይከፍታል፤ ገዥው ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱንና ወጥ ቤቱን በ15 ደቂቃ ዞሮ ያያል፤ ቀለሙ አዲስ ነው፤ ሴራሚኩ ያበራል። ከሰዓት በኋላ ሌላ ገዥ እንደሚመጣ በጆሮው ሹክ ይባላል። ማታውን ቀብድ ይከፈላል። ለብዙ ዓመታት በእቁብና በቁጠባ የተጠራቀመ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሱቁ መንቀሳቀሻ ላይ የተነሣ ገንዘብ በአንድ ቀን ወደ ሌላ እጅ ይተላለፋል። ለ100 ኩንታል ጤፍ የሚደረገው ምርመራ፣ ዋጋው ከዚያ እጅግ ለሚበልጠው ቤት አለመደረጉ የሚያስገርም ነው።

ጥፋቱ ግን የሰነፍ ሰው ጥፋት አይደለም። አፓርታማ የሚባለው ሀብት ለአዲስ አበባ ነጋዴ አዲስ ዐይነት ዕቃ በመሆኑ፣ ምርመራው ከምን እንደሚጀመር የሚያስተምር ልማድ ገና አልጸናም። የቀድሞው ሰው ቤት ሲገዛ ግቢውንም፣ ግንቡንም፣ ጣራውንም አንድ ላይ በዐይኑ እያየ ነበር። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ካደረገ በኋላ፣ የቤት ንግድ ለረጅም ዘመን ጠቦ ኖረ። ፎቅን ከፋፍሎ ለየባለቤቱ የማድረግ ደንብ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ቢገኝም፣ ነገሩ በሕዝብ ዘንድ በሰፊው የታወቀው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከወጣና መንግሥት ኮንዶሚኒየም ቤቶችን በብዛት ማሠራት ከጀመረ ወዲህ ነው። እንግዲህ የአንድ ትውልድ ዕድሜ እንኳ አልሞላውም።

አፓርታማ የሚገዛ ሰው በእውነቱ የሚገዛው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው፣ ቁልፉ በእጁ የሚሆነው ክፍል ነው። ሁለተኛው ከበሩ ውጭ ያለው ነው፤ መሠረቱ፣ አምዶቹ፣ ጣራው፣ ደረጃው፣ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ የፍሳሹ መስመር። ይህ ሁለተኛው ከጐረቤቶቹ ጋር በጋራ የሚያዝ ነው፤ ሲበላሽም ወጪው በየድርሻው የሚከፈል ነው። ገዥው ዐይኑን የሚጥለው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ትልቁ ጥፋትና ትልቁ ወጪ ግን የሚገኘው በሁለተኛው ውስጥ ነው።

ለዚህ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ አሳዛኝ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ጠረፍ፣ ሰርፍሳይድ በምትባል ከተማ፣ በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተሠራ ባለ 12 ፎቅ የአፓርታማ ሕንፃ ነበር። ቤቶቹ ውድ ነበሩ፤ ውስጣቸውም ያማረ ነበር። ሕንፃው ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. በሌሊት በከፊል ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት አንድ መሐንዲስ ሕንፃውን መርምሮ፣ በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ካለው ወለል ሥር ውሃ እየሰረገ ኮንክሪቱን ክፉኛ እንደ ጐዳው በጽሑፍ አስታውቆ ነበር። የተጐዳው ክፍል በማንም ሰው ሳሎን ውስጥ አልነበረም፤ የሁሉም የሆነ፣ በዚህም ምክንያት ማንም እንደ ራሱ ንብረት የማያየው ቦታ ነበር። ያን ጽሑፍ ሳይጠይቅ በመካከሉ ባሉት ዓመታት እዚያ ቤት የገዛ ሰው ቢኖር፣ የሳሎኑን ቀለም ገዛ እንጂ ሕንፃውን አላየም ማለት ይቻላል።

ወደ አገራችን ጉዳይ እንመለስና፣ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የቀብድ ነገር ነው። ቀብድ በገበያ ልማድ የቃል ማሰሪያ ብቻ ይመስላል። በሕግ ግን ከዚያ የበለጠ ኃይል አለው። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚደነግገው፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እንበልና አንድ ገዥ ሰኞ ዕለት 300,000 ብር ቀብድ ከፍሎ፣ ረቡዕ ዕለት መሐንዲስ ወስዶ ቢያሳይና የሕንፃው አምድ የተሰነጠቀ ሆኖ ቢገኝ፣ በፊቱ የሚቀርቡለት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ወይ የተሰነጠቀውን መግዛት፣ ወይ ስለ ጉድለቱ በፍርድ ቤት እየተከራከረ 300,000 ብሩን ለአደጋ ማጋለጥ። ሰኞ ዕለት መሐንዲሱን ወስዶ ቢሆን ኖሮ የሚከፍለው የመሐንዲሱን የድካም ዋጋ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ምርመራው ከቀብድ በፊት ይደረጋል። ሻጩ ቀብድ ካልያዝሁ ቤቱን አላቆይም ያለ እንደሆነ፣ ሕጉ ራሱ መውጫ ትቷል፤ “ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር” የሚለው ቃል በከንቱ አልተጻፈም። በቀብድ ወረቀቱ ላይ፣ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ በሚደረግ የመሐንዲስ ምርመራ የሕንፃውን ጥንካሬ ወይም የቤቱን አገልግሎት የሚጐዳ ጉድለት የተገኘ እንደሆነ ቀብዱ ሳይጐድል ለገዥው እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፋል። በአሜሪካ እንዲህ ያለው ቃል በቤት ሽያጭ ውል ውስጥ የተለመደ ነው፤ የቤት መርማሪዎቹም በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው የሥራቸውን ደንብ አውጥተዋል። በእንግሊዝ አገርም ገዥ ሰርቬየር የሚባለውን ባለሙያ ልኮ ማስመርመሩ የቈየ ልማድ ነው። በእኛ አገር ሻጩ በመጀመሪያ ቅር ሊለው ይችላል፤ ሆኖም ለአንድ ቀን ምርመራ በሩን አልከፍትም የሚል ሻጭ፣ መሐንዲስ ሳይገባ ስለ ቤቱ አንድ ነገር ተናግሯል።

ሻጩ ስላልታየ ጉድለት በሕግ ኀላፊ ነውና ኋላ በፍርድ ቤት ይጠየቃል የሚል ሐሳብ በብዙ ሰው ዘንድ አለ። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ገዥው ውሉን ሲያደርግ ያወቀውን፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ባይፈጽም ኖሮ ሊያውቀው ይችል የነበረውን ጉድለት ሕጉ በሻጩ ላይ አይጭንም። ጣራው ላይ ያልወጣ፣ ውሃውን ያልከፈተ ገዥ በኋላ ጊዜ ምን ብሎ እንደሚከራከር አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

መርማሪው ማን ይሁን? ደላላው ሊሆን አይችልም፤ የእሱ ዋጋ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ነውና። ከሻጩ ወገን የመጣ የግንባታ ሠራተኛም አይሆንም። በሙያው የተመዘገበና ለገዥው ብቻ የሚሠራ የሕንፃ መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ ከእርሱ ጋር ቢቻል አንድ የታወቀ የቧንቧ ሠራተኛና አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢጨመሩ መልካም ነው። መሐንዲሱ ያየውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍና በፎቶግራፍ አድርጎ፣ ፈርሞበት ይሰጣል። ጽሑፉ ዋጋ ለማስቀነስም፣ ባንክ ብድር ሲጠየቅም፣ ክርክር ቢነሣም የሚያገለግል ሰነድ ነው።

ጊዜውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በየካቲት ወር ሁሉም ጣራ ደረቅ ነው። ለአዲስ አበባ ቤት ትክክለኛው መርማሪ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው፤ ጣራ ያፈሰሰ፣ አሸንዳ የሞላ፣ ማንሆል የገነፈለ እንደሆነ በእነዚህ ወራት ራሱን ይገልጣል። ግዥው በበጋ የሚፈጸም ከሆነ የክረምቱን ምልክት መፈለግ ያሻል፤ በጣራው ጥግ ቡናማ ክብ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ሻጋታ፣ ከመስኮት ሥር የተነሣ ቀለም። ከክፍሎቹ አንዱ ብቻ ወይም ከግድግዳዎቹ አንዱ ብቻ በቅርቡ ተቀብቶ የተገኘ እንደሆነ፣ ለምን እሱ ብቻ ተቀባ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የላይኛው ፎቅ ገዥ ደግሞ ጣራው ላይ መውጣት አለበት፤ የቆርቆሮው ምስማር የላላ መሆኑን፣ አሸንዳው በቅጠልና በፌስታል መደፈኑን በዐይኑ ማየት ይገባዋል።

ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል። መሐንዲሱ መጀመሪያ ሕንፃውን ዞሮ፣ ምድር ቤቱን ያያል። በጎጃም በረንዳና በመርካቶ በጠቅላላው ምድር ቤቱ ሱቅ ነው፤ ሱቅ ደግሞ በየጊዜው ይስፋፋል። ባለሱቁ ሁለት ክፍል አንድ ሊያደርግ ግድግዳ ያፈርሳል፤ ለመደርደሪያ ሲል አምዱን ይቦረቡራል፤ ለቧንቧ ሲል ቢሙን ይበሳል። በብሎኬት የተሞላ ግድግዳ ቢፈርስ ብዙ ጊዜ ሕንፃውን አይጥለውም፤ ጭነት የሚሸከም የኮንክሪት ግድግዳ፣ አምድ ወይም ቢም ከተነካ ግን ጉዳቱ በአራተኛው ፎቅ ላለው ሰው ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው በግምት ሳይሆን የጸደቀውን የሕንፃ ፕላን ከቆመው ሕንፃ ጋር በማስተያየት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጠውን ሕንፃ ከከፍተኛው ምድብ መድቦ፣ ያለ መጠቀሚያ ፈቃድ አገልግሎት ላይ እንዳይውል ደንግጓል፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ለተሠራ ረጅም ሕንፃ ይህ ፈቃድ መሰጠቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመርካቶ ከሌላው ሰፈር ይልቅ የሚከፋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የጭነት ነገር ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ፣ ሰዎችንና የቤት ዕቃን እንዲሸከም ታስቦ በአንድ ሜትር ካሬ 200 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ይመደብለታል። የመጋዘን ወለል ከዚህ ብዙ እጥፍ ተጠናክሮ የሚሠራ ነው። ነገር ግን በገበያው አካባቢ የመጋዘን ኪራይ ውድ በመሆኑ፣ ለመኖሪያ የተሠራ ክፍል ዕቃ ማከማቻ ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሒሳቡ ለነጋዴ ቀላል ነው። የ100 ኪሎ ጆንያ ተጋድሞ ሲቀመጥ ከግማሽ ሜትር ካሬ ጥቂት የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። እንግዲህ ወለሉን በአንድ ረድፍ ጆንያ የሸፈነ ሰው በየሜትር ካሬው 180 ኪሎ ያህል ጭኗል፤ የተፈቀደው ሊያልቅ ተቃርቧል። ሁለተኛው ረድፍ ሲደረብ 360 ይሆናል፤ እስከ ጣራ የደረደረው ሰውማ ምን ያህል እንደ ጫነ አንባቢው ራሱ ያስላው። የጣቃ ጨርቅ፣ የወረቀትና የሴራሚክ ካርቶን ከእህል አይሻሉም፤ ሴራሚክ እንዲያውም ይብሳል። ወለሉ በዕለቱ አይወድቅም፤ መሐንዲሶች ለጥንቃቄ የሚተዉት ትርፍ አለና። ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይጐብጣል፤ ከሥሩ ያለው የጐረቤት ጣራም ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ገዥው ከሚገዛው ቤት በላይ ያለውን በር አንኳኵቶ፣ ማን እንደሚኖርበትና ምን እንደሚቀመጥበት በትሕትና መጠየቅ አለበት። ራሱም ቢሆን፣ ከገዛው ቤት ሁለቱን ክፍል ለመኖሪያ፣ አንዱን ለሸቀጥ ለማድረግ በልቡ ያሰበ ነጋዴ ከሆነ (ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መካከል እንዲህ ያሰበ አይጠፋም) ሐሳቡን ከመሐንዲሱ ሳይሸሽግ ይንገረው።

ከጭነት ጋር አብሮ የሚታየው የእሳት ነገር ነው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው እሳት በነጋዴው ንብረት ላይ ያደረሰውን ጥፋት መርካቶ አይረሳውም። ደረጃው በካርቶን የተዘጋ፣ ኮሪደሩ ማከማቻ የሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው እንደ ሐረግ የተጠላለፈ ሕንፃ ውስጥ ያለ አፓርታማ፣ ውስጡ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ልጆች በሌሊት ሊወጡበት የሚችሉ ቤት መሆኑ በቅድሚያ መታየት አለበት።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። በአዲስ ልስን ላይ የሚታየው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ብዙ ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የሚፈጠር ነው፤ ብሎኬቱ ከኮንክሪቱ አምድ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በአግድመት እየሰፋ የሚሄደው፣ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው የሚቀጥለው፣ ከሁሉም በላይ አምድና ቢም በሚጋጠሙበት ላይ የሚታየው ግን የመሐንዲስ ዐይን የሚያሻው ነው። የኮንክሪቱ ሽፋን ተልጦ ፌሮው ዝጎ የታየ እንደሆነም እንደዚሁ። ስንጥቁ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለውን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጀሶ ለጥፎ ቀኑን መጻፍና ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ማየት ነው። ጀሶው ከተሰነጠቀ ሕንፃው እየተንቀሳቀሰ ነው። በመስከረምና በጥር 2017 ዓ.ም. መካከል በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ተሰምቶ ብዙ ሰው በሌሊት ከቤቱ ወጥቶ እንደ ነበር የሚታወስ ነው፤ በመሆኑም ሕንፃው ከዚያ በኋላ በባለሙያ ታይቶ እንደ ሆነና ስንጥቅ ተገኝቶ ተደፍኖ እንደ ሆነ የጋራ ሕንፃውን ማኅበር ኮሚቴ መጠየቅ ይገባል።

ግድግዳውን በሳንቲም ወይም በቁልፍ መታ መታ ማድረግም ጠቃሚ ነው። ከግንቡ የለቀቀ ልስንና በትክክል ያልተጣበቀ ሴራሚክ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በአንዳንድ ኮንዶሚኒየሞች የውስጥ ግድግዳው አግሮስቶን ከሚባለው ሰሌዳ የተሠራ ነውና፣ በመታጠቢያ ቤትና በወጥ ቤት ዙሪያ እርጥበት እንዳልነካው ተለይቶ መታየት አለበት፤ ከባድ መደርደሪያ ወይም የውሃ ማሞቂያ የሚሰቀልበትም በመሐንዲሱ ምክር ነው።

ውሃን በተመለከተ፣ በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች ውሃ የሚደርሰው በፈረቃ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ገዥው ውሃ በሚመጣበት ቀን አንድ ጊዜ፣ በማይመጣበት ቀን አንድ ጊዜ ቤቱን ማየት አለበት። የጋራው ሮቶ ስንት ሊትር ይይዛል? ለስንት ቤት ይከፋፈላል? ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ይሠራል? ቢበላሽስ ማን ያሠራዋል? ከዚያም ሁሉም ቧንቧ በአንድ ጊዜ ይከፈታል፤ የወጥ ቤቱ ሲፈስ የመታጠቢያ ቤቱ የሚደክም መሆኑ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው። ሳራቺኔስካው ሲዘጋ በእርግጥ የሚዘጋ መሆኑም ይፈተሻል።

የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ምርመራ ከሁሉ የረከሰና ከሁሉ የሚበልጥ ነው። የወለሉ ማፍሰሻ በጨርቅ ተደፍኖ፣ ወለሉ ሦስት ወይም አራት ጣት ከፍ እስኪል ድረስ ውሃ ይሞላል፤ ለ24 ሰዓት ይተዋል። በማግሥቱ የውሃው ከፍታ ቀንሶ እንደ ሆነ ይታያል፤ ከታች ያለው ጐረቤትም ፈቃዱ ተጠይቆ ጣራው ይታያል። ውሃው ያለ ጥርጥር ወደ ታች ከሰረገ፣ ገዥው ቤቱን በገዛ በወሩ ከማያውቀው ጐረቤት ጋር ጠብ ገዝቷል ማለት ነው፤ ሴራሚኩን ሁሉ አንሥቶ ውሃ መከላከያ ማስነጠፍም ቀላል ወጪ አይደለም።

ለኤሌክትሪኩ መፈተኛ የሚሆነው የእንጀራ ምጣድ ነው። በአማካይ 3,500 ዋት ያህል የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህም ለተራ ሶኬት መስመር የመጨረሻው ወሰን ነው። ምጣዱ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ምጣዱ ለግማሽ ሰዓት በርቶ፣ መብራቱ የሚደበዝዝ፣ ሶኬቱ የሚሞቅ ወይም የላስቲክ ሽታ የሚመጣ እንደ ሆነ መስመሩ እንደገና መሠራት አለበት። ቈጣሪው ለቤቱ ብቻ ወይስ ለሌላም ያገለግላል የሚለው ጥያቄ፣ እንዲሁም የመሬት ሽቦ መኖሩ መረሳት የለበትም።

ሚዛን ፊት ቆሞ ማስመዘን የለመደ ነጋዴ የቤቱንም ስፋት በሜትር ሊለካ ይገባዋል። በሽያጭ ወረቀት ላይ 100 ሜትር ካሬ የተባለው ቤት የደረጃና የኮሪደር ድርሻ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። የጋራው ድርሻ ከመቶ 20 እጅ ቢሆን፣ ከበሩ ወደ ውስጥ የሚገኘው 80 ሜትር ካሬ ብቻ ነው፤ የሜትር ካሬውም ዋጋ በዚያው መጠን ከፍ ይላል። በካርታው ላይ የተጻፈው ስፋት፣ በማስታወቂያው የተባለውና በሜትር የተገኘው ሦስቱ ጐን ለጐን ተጽፈው ይነጻጸሩ።

የሰነዱ ምርመራ በነጋዴው ዘንድ ይበልጥ የታወቀ ስለሆነ እዚህ ላይ በአጭሩ ይበቃል። በካርታው ላይ ያለው ስም የሻጩ መሆኑ፤ ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት መረጋገጡ፤ ሻጩ ያገባ ከሆነ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት እንደማይሸጥ በቤተሰብ ሕጉ መደንገጉ፤ በወኪል የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ለመሸጥ በተለይ የተሰጠና ያልተሻረ መሆኑ ይታያል። በመንግሥት ዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ ሲጣልበት የኖረ ስለሆነ፣ ገደቡ ማለፉ መጣራት አለበት። ከጋራ ሕንፃው ማኅበር ደግሞ ሻጩ ያልከፈለው መዋጮ አለመኖሩን፣ ለጣራ፣ ለፓምፕ ወይም ለፍሳሽ ጥገና የታቀደ ትልቅ ወጪ መኖር አለመኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠየቃል። ይህ ደብዳቤ ከላይ የተባለውን ሁለተኛውን ግማሽ የሚያሳይ መስተዋት ነው።

የሕንፃውን የርክክብ ዓመት መጠየቅም ጥቅም አለው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ደንበኛነትና ጥንካሬ ዋስ ነውና። በዚህ መብት የሚጠቀመው ማን እንደሆነ እንደ ውሉ ሁኔታ ስለሚለያይ ጠበቃ ቢያየው ይሻላል።

ምርመራው ጉድለት ቢያገኝ ግዥው ሁልጊዜ ይፍረስ ማለት አይደለም። አሮጌ ሽቦ፣ የላላ ቧንቧ፣ የለቀቀ ልስን በገንዘብ የሚመለሱ ናቸው፤ የማሠሪያው ዋጋ በባለሙያ ተገምቶ ከሽያጩ ዋጋ ይቀነሳል፤ ወይም ሻጩ እንዲያሠራ በውሉ ይገባል። የተነካ አምድ ግን በዋጋ ቅናሽ የሚስተካከል አይደለም። በዚህ ጊዜ ዋጋው በግማሽ ቢቀንስም ከዚያ ቤት መራቅ ይሻላል።

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት ይፈጸማል፤ ያለዚያ አይጸናም። እዚህ ላይ በገበያው የሚታይ አንድ መጥፎ ልማድ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ግብርና የስም ማዛወሪያ ለመቀነስ በሚል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ ገንዘብ ይጻፋል። ሕግን መጣሱ እንዳለ ሆኖ፣ የሚጐዳው በመጀመሪያ ገዥው ነው፤ ስውር ጉድለት ተገኝቶ ውሉ ቢፈርስ፣ ሻጩ ለመመለስ የሚገደደው በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ ነው ብሎ ይከራከራልና። የመሐንዲሱ ጽሑፍና ፎቶግራፉ ከውሉ ጋር ተያይዘው ሁለቱም ወገኖች ቢፈርሙባቸው ይበጃል።

ቁልፍ በሚረከብበት ቀን ገዥው ከመሐንዲሱ ጽሑፍ ጋር ቤቱን አንድ ጊዜ ደግሞ ይዞረዋል፤ ከምርመራው በኋላ የተነሣ የውሃ ማሞቂያ፣ የተፈታ በር ወይም የተለወጠ ሶኬት አለመኖሩን ያያል። የመብራትና የውሃ ቈጣሪዎቹ በዕለቱ የሚያሳዩት ቁጥር፣ የመጨረሻዎቹ የክፍያ ደረሰኞችና የቁልፎቹ ብዛት በአንድ የርክክብ ወረቀት ላይ ይጻፋሉ፤ ሻጭና ገዥ ይፈርማሉ፤ አንዱ ቅጂም ለጋራ ሕንፃው ማኅበር ይሰጣል።